ከአባይ ማዶ ያለው ደመወዝ፦ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ለመግባት ከመወሰናችሁ በፊት

በሕግ ተመርቆ የመውጫ ፈተናውን ያለፈ የጎጃም ልጅ ከዘመድ ከወዳጅ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «አዲስ አበባ መቼ ነው የምትገባው?» ጥያቄው መልሱን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን የወጣ ሁሉ የተሻለ ደመወዝ አገኘ ተብሎ ይታሰባል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ደመወዙ ስንት ሰዓት እንደሚገዛ፣ ከኪራይና ከታክሲ በኋላ ስንት እንደሚተርፍ፣ ሥራው ደግሞ ሰው የሚወደው ዓይነት መሆን አለመሆኑን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያለው ይህን በወረቀትና በካልኩሌተር ለመመለስ የሚያግዝ ነው። የአዲስ አበባውን ሥራ ለያዙትም፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ቀርተው «ተሳስቼ ይሆን?» ለሚሉትም ያገለግላል።

መጀመሪያ ሥራውን እወቁት

እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ የፌዴራል ሕጋችን ጥብቅናን የሚያውቀው በግለሰብ ደረጃ ነበር። ጠበቆች አንድ ቢሮ ተከራይተው አንድ ታፔላ ቢሰቅሉም በሕግ ፊት እያንዳንዱ ለየብቻው ነው። የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይህን ቀይሮ ጠበቆች ኃላፊነቱ በተወሰነ የሽርክና ማኅበር መልክ ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ለተቀጣሪው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ከዚህ በፊት የአንድ ጠበቃ ረዳት ነበር፤ አሁን መሰላል ያለው ቤት ውስጥ ገብቷል፦ ከታች ጀማሪ ጠበቃ ወይም አሶሼት፣ ከዚያ ሲኒየር፣ ከላይ ሸሪክ። ሸሪኩ ትርፍ ይካፈላል፣ ሌላው ደመወዝ ይቀበላል።

ከ1,000 በላይ ጠበቆች የሚይዙት የኒውዮርክና የለንደን የጥብቅና ቤቶች ሌላ ዓለም ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በኒውዮርክ ትልልቅ ቤቶች የጀማሪ የዓመት ደመወዝ 225,000 ዶላር ደርሷል፤ በምላሹም በዓመት ከ1,900 እስከ 2,000 ሰዓት ለደንበኛ የሚታሰብ (ደንበኛው የሚከፍልበት) ሥራ ይጠበቃል። የእኛ አገር «ትልቅ» ቤት በአሥሮች የሚቆጠር ጠበቃ ያለው ነው፤ ደመወዙም የዚያ ጥላ ነው። ልማዱ ግን ተሻግሮ መጥቷል፦ ታይም ሺቱ (ለየትኛው ደንበኛ ስንት ሰዓት እንደተሠራ የሚጻፍበት መዝገብ)፣ መሰላሉ፣ በእኩለ ሌሊት የሚላከው ኢሜይል።

የሥራው ዓይነት ደግሞ ትምህርት ቤት ካሰባችሁት ሊለይ ይችላል። እነዚህ ቤቶች የሚኖሩት በኢንቨስትመንት፣ በባንክ፣ በግብርና በኩባንያ ሥራ ነው። የኢንቨስትመንት አዋጅ 1180/2012፣ አዲሱ የንግድ ሕግ 1243/2013፣ የካፒታል ገበያ አዋጅ 1248/2013፣ ለውጭ ባንኮች በር የከፈተው የባንክ ሥራ አዋጅ 1360/2017፤ እንጀራቸው ከእነዚህ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ውል ማረም፣ የኩባንያ ሰነድ መመርመር (ዱ ዲሊጀንስ የሚሉት)፣ ፈቃድ ለማውጣት መሥሪያ ቤት መመላለስ ነው። ሙት ኮርት (የተማሪዎች የማስመሰያ ችሎት) ላይ ቆሞ መከራከር ነፍሱን ያሞቀው ተማሪ እዚያ ገብቶ ዓመት ሙሉ ችሎት ሳይረግጥ ሊቀር ይችላል። ይህ የድርጅቱ ጥፋት አይደለም፤ ሳይጠይቅ የገባው ሰው ነው የተሳሳተው።

ሰው የማያነሳው አንድ ነገር የሰዓት ልዩነቱ ነው። የኒውዮርክ ደንበኛ ጠዋት ቢሮው ሲገባ አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በእነሱ የብርድ ወራት ደግሞ 11 ሰዓት። ሥራው የሚመጣው እናንተ ቦርሳ ስታነሱ ነው። ለንደን የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ልዩነት ስላለው ይሻላል። የቤጂንግ ደንበኛ በተቃራኒው ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል፤ ቀኑን የሚጨርሰው እኛ ምሳ ስንበላ ነው፣ የሚያስነሳው ግን በሌሊት ነው። ስለዚህ «ደንበኞቻችሁ በብዛት ከየት ናቸው?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?» ከሚለው ይልቅ እውነቱን ያወጣል። ሁለተኛውን ሁሉም «እንደ ሥራው ነው» ብሎ ያልፈዋል።

የችሎት ጠበቃ በክረምቱ መጨረሻ ፍርድ ቤት ሲዘጋ ትንፋሽ ያገኛል። የውል ጠበቃ እንዲህ ያለ ወቅት የለውም። ደንበኛው ዓመቱን የሚዘጋው በታኅሣሥ ከሆነ የገና ጾም ሙሉ በሩጫ ያልቃል።

ሰዓቱን አስሉት

አሁን ወረቀት አውጡ። ከታች ያሉት የደመወዝና የኪራይ ቁጥሮች ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ በእነሱ ቦታ የራሳችሁን አስገቡ። የግብርና የጡረታ ምጣኔዎቹ ግን የሕጉ ናቸው።

አዲስ አበባ ያለው ድርጅት 30,000 ብር አቀረበ እንበል። ባሕር ዳር ያለ ቢሮ ደግሞ 18,000። በወሬ ደረጃ ልዩነቱ 12,000 ብር ነው።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ ከ14,000 ብር በላይ ያለ ደመወዝ በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ብር ይቀነስለታል። ጡረታ 7 በመቶ ከሠራተኛው ይቆረጣል፤ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ሳይነሳ ካለው ደመወዝ ላይ ነው። የ30,000 ብሩ፦ ግብር 8,450፣ ጡረታ 2,100፣ እጅ የሚገባ 19,450። የ18,000 ብሩ፦ ግብር 4,250፣ ጡረታ 1,260፣ እጅ የሚገባ 12,490። ልዩነቱ ወደ 6,960 ወረደ። ለድርድር የሚጠቅም ነገር እዚህ አለ፦ ከ14,000 በላይ ከሚጨመርላችሁ ከእያንዳንዱ 100 ብር ኪሳችሁ የሚደርሰው 58 ብር ነው።

ቀጥሎ ኪራይና ትራንስፖርት። አዲስ አበባ ለአንድ ክፍል 9,000፣ ለታክሲ 2,000 ብንይዝ 8,450 ይተርፋል። ባሕር ዳር ለኪራይ 4,000፣ ለባጃጅ 600 ብንይዝ 7,890። ልዩነቱ 560 ብር ቀረ።

የመጨረሻው ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ በሳምንት 60 ሰዓት፣ ባሕር ዳር 45 ሰዓት ይሠራል እንበል። የሳምንቱን ሰዓት በ52 አባዝቶ ለ12 ማካፈል የወሩን ይሰጣል፦ 260 እና 195። ስለዚህ 560 ብሩ የተገኘው በ65 ተጨማሪ ሰዓት ነው፤ በሰዓት 8 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ። በዚህ ዋጋ ሰው ሌሊቱን ይሸጣል ወይ? አንዳንዱ አዎ ይላል፤ ምክንያቱም የሚገዛው ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ስሌቱ ላይ ሁለት ስሕተት ይበዛል። አንደኛው ከቤት የሚላከውን መርሳት ነው። ከቢቸና ወይም ከሞጣ በአውቶቡስ ጣሪያ የሚመጣ አንድ ኩንታል ጤፍ ገንዘብ ነው፤ ጤፉ ቢቀር በዚያ ደመወዝ መኖር ይቻላል ወይ? ካልተቻለ የድርጅቱን ደመወዝ ቤተሰባችሁ እየደጎመው ነው፣ ይህም በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛው ስሕተት የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ማየት ነው። በትልቅ ቤት ደመወዙ በሦስት ዓመት ውስጥ ሊያድግ ይችላል፣ ትንሹ ቢሮ ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል። 60,000 ብር ላይ ብትደርሱ እጃችሁ የሚገባው 36,850 ነው፤ ያን ጊዜ ስሌቱ ይገለበጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በመነሻው፣ አንድ ጊዜ በሦስተኛው ዓመት ደመወዝ አስሉት። የሦስተኛውን ዓመት ደመወዝ ደግሞ አትገምቱ፤ እዚያ ሦስት ዓመት የቆየ ሰው ጠይቁ።

የዓመት የሰዓት ግብ ያለው ቤት ከሆነ ሌላ ስሌት ይጨመራል። ከ52 ሳምንት የዓመት ፈቃድንና በዓላትን አንሥታችሁ 47 ሳምንት ያዙ። ግቡ 1,800 ከሆነ በሳምንት 38.3 ለደንበኛ የሚታሰብ ሰዓት ይወጣል። ቢሮ ከዋላችሁበት ሰዓት ሁሉ ግን ለደንበኛ አይታሰብም፤ ስብሰባ፣ የውስጥ ሥልጠና፣ የጠፋ ፋይል ፍለጋ፣ የመብራት መቋረጥ አለ። ከአራት ሰዓት ሦስቱ ይታሰባል ብንል 38.3ቱን ለማግኘት 51 ሰዓት መዋል ያስፈልጋል። ግቡ 2,000 ከሆነ 57 ገደማ። ሕጉ በሳምንት 48 ነው የሚለው።

ቃለ መጠይቁና ውሉ

ሸሪኩን ስለ ራእይ ጠይቁት፣ ደስ ይለዋል። ስለ ሥራው ግን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሠራ ጠበቃ ፈልጉ፤ በተለይ የለቀቀ። ጥያቄው በቁጥር የሚመለስ ይሁን፦ ባለፈው ወር ስንት ቅዳሜ ቢሮ ገባችሁ? በዓመት ውስጥ ስንት ሰው ለቀቀ፣ ወዴት ሄደ? መጨረሻ ሸሪክ የሆነው ሰው በስንተኛ ዓመቱ ሆነ? ሥራ የሚያከፋፍለው አንድ ሰው ነው ወይስ እያንዳንዱ ሸሪክ በየፊናው ይጭናል? የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ሦስት ሸሪክ በየፊናው ለአንድ ጀማሪ ሥራ የሚሰጥበት ቤት ውስጥ ሦስቱም «ለነገ» ይላሉ፣ ማንም የሌላውን አያውቅም፣ የሚወቀሰው ጀማሪው ነው። «እዚህ እንደ ቤተሰብ ነን» የሚለውን መልስ እንደ መልስ አትቁጠሩት።

ሴት አመልካቾች አንድ ጥያቄ ይጨምሩ። የወሊድ ፈቃዱ በሕግ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ጥያቄው በእነዚያ ወራት የዓመቱ የሰዓት ግብ በዚያው ልክ ይቀነሳል ወይ የሚለው ነው። ካልተቀነሰ ፈቃዱ በወረቀት ተሰጥቶ በቦነስና በዕድገት በኩል ይወሰዳል።

ከዚያ ውሉ። የሕግ ሰው የራሱን የሥራ ውል ሳያነብ መፈረሙ የሚያስቅ ቢመስልም የተለመደ ነው። መጀመሪያ የሚፈለገው ሠራተኛ ናችሁ ወይስ የግል ባለሙያ የሚለው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 በራሱ ሙያዊ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። ውሉ «የአገልግሎት ውል» ተብሎ፣ ክፍያው በመቶኛ ሆኖ፣ ጠረጴዛና አለቃ ግን እንደ ማንኛውም ተቀጣሪ ካላችሁ፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ ጡረታና ፈቃድ እንዳላችሁ በጽሑፍ አስረዱኝ በሉ።

ሠራተኛ ከሆናችሁ እነዚህን በውሉ ላይ ፈትሹ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ስድስት ወር» የሚል ካያችሁ በእርጋታ አመልክቱ፤ አያያዛቸው ራሱ ስለ ቤቱ ይነግራችኋል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለው በ1.75፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የሥራ መሪ ከዚህ አዋጅ ውጭ ነው፤ ጀማሪ ጠበቃን «ኃላፊ» የሚል ስም መስጠት የሚጀመረው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ይከፈላል ብላችሁ አትገምቱ፤ ግን ዋጋውን እወቁት። በ48 ሰዓት ሳምንት ላይ 12 ሰዓት መጨመር የሰዓቱን ሩብ ማከል ነው፣ ሩቡ በ1.5 ሲባዛ የደመወዙ 37.5 በመቶ ይሆናል። 30,000 ብር የሚከፈለው፣ 60 ሰዓት የሚሠራ ጠበቃ በወር 11,250 ብር ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ለድርጅቱ ይሰጣል ማለት ነው። ለደመወዝ ድርድር ስትቀመጡ ይህን ቁጥር ባትናገሩትም በልባችሁ ይኑር።

የሥልጠና ግዴታ ያለበትን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ድርጅቱ ለማስተርስ ወይም ለውጭ ሥልጠና ከከፈለ ለስንት ዓመት ትታሰራላችሁ፣ ቀድማችሁ ብትወጡ የምትመልሱት በሙሉ ነው ወይስ ከሠራችሁበት ጊዜ ጋር እየቀነሰ የሚሄድ? የሚቀንስ ካልሆነ እንዲሆን ጠይቁ። ይህ አብዛኛው ድርጅት የሚቀበለው ማስተካከያ ነው፤ ቀድሞ ካልተነሣ ግን በመውጫ ቀን አይታሰብም።

ገብታችሁ እንዴት ትኖራላችሁ

ታይም ሺት የተጠላ ነገር ነው፣ ግን ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያተርፈውም የሚያከስረውም እሱ ነው። በብዙ ቤት ሰዓቱ በስድስት ደቂቃ ክፍል ይቆጠራል፤ አንድ ሰዓት 10 ክፍል ነው፣ 12 ደቂቃ ስልክ 0.2 ይሆናል። ዓርብ ማታ የሳምንቱን ከጭንቅላቱ የሚሞላ ሰው ብዙ ሰዓት ይጥላል፣ ከዚያ ግቡን ለመሙላት ቅዳሜ ይገባል። ሥራው ሲያልቅ እዚያው ጻፉት። አጻጻፉም ለውጥ ያመጣል። «ውል ማየት፣ 3.0» ተብሎ የተጻፈን ደንበኛው ሲያይ ይከራከራል፣ ሸሪኩ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው የእናንተ ሰዓት ነው። «የመጋዘን ኪራይ ውል ረቂቅ፣ ከአንቀጽ 4 እስከ 9 ማረም፤ ስለ ዋስትናው ሦስት ጥያቄ ለደንበኛ መጻፍ፣ 1.4» የተባለውን ማንም አይነካውም። አንድ ነገር ላይ ግን አትደራደሩ፦ ያልተሠራ ሰዓት አትጻፉ። ግብ ላይ ለመድረስ የተጨመረች ግማሽ ሰዓት ደንበኛን ማታለል ናት፣ የጥብቅና ፈቃድ ታስነጥቃለች።

ሥራ ሲደራረብ «አልችልም» ከማለት ዝርዝሩን ማሳየት ይሻላል። «ጋሽ እከሌ የሰጡኝ ለነገ ጠዋት ነው፣ የእርስዎም ለነገ ነው፤ የትኛውን ላስቀድም?» ብሎ በኢሜይል፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ አስገብቶ መጻፍ። ውሳኔውን ወደ ላይ ይልከዋል፣ መዝገብም ይቀራል።

የጎጃም ልጅ የሚገጥመው የተለየ ነገር ደግሞ ፋይል ይዞ የሚመጣ ዘመድ ነው። የመሬት ክርክር፣ የውርስ፣ የወሰን፤ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል። ለድርጅት የሚሠራ ጠበቃ በግሉ ጉዳይ እንዳይዝ ውሉ ብዙ ጊዜ ይከለክለዋል። የጥቅም ግጭትም ሊኖር ይችላል፤ በፋይሉ ተከሳሽ የሆነው ባንክ የድርጅታችሁ ደንበኛ ቢሆንስ? «አያ፣ እኔ ልይዝልዎ አልችልም፣ የሚይዝልዎትን ሰው ግን ዛሬውኑ አገናኝዎታለሁ» ማለት ከሦስት ወር ማመላለስ ይሻላል። ከማለታችሁ በፊት ግን ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን እዩ። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ በ60 ቀን ነው፤ ዘመድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሃምሳኛው ቀን ነው። አቅም ከሌለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚያንቀሳቅሳቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ።

ለቅሶ ሌላው ነው። በሕጉ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ ገጠር ለሚገባ፣ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ይብሱን፣ ሦስት ቀን መድረሻ ብቻ ነው። አዋጁ ለከባድ ሁኔታ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ የሰው ኃይል ክፍሉም አይነግራችሁም።

እርካታው ከየት ነው የሚመጣው

አሜሪካ ውስጥ ላሪ ክሪገርና ኬነን ሼልደን ከ6,000 በላይ ጠበቆችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት አለ። ከደስታ ጋር አጥብቀው የተያያዙት በሥራ ላይ በራስ መወሰን፣ ችሎታ እንዳላችሁ መሰማትና ከሰዎች ጋር ያለ ቅርርብ ነበሩ። ገቢ፣ የትምህርት ቤት ውጤት፣ ሸሪክ መሆን ደካማ ዝምድና ነበራቸው። በአነስተኛ ደመወዝ የሕዝብ አገልግሎት ላይ ያሉት በትልልቅ ቤቶች ካሉት ይልቅ ደስተኛ ሆነው ተገኙ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) 12,825 ጠበቆችን ያካተተ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 20.6 በመቶው ችግር ያለበት የአልኮል አጠጣጥ፣ 28 በመቶው የድባቴ ምልክት እንዳለባቸው አገኘ፤ ችግሩ የባሰው በወጣቶቹና በሙያው የመጀመሪያ አሥር ዓመት ባሉት ላይ ነበር። የአሜሪካ ቁጥር ነው፣ እዚህ በቀጥታ አይገለበጥም። ሦስቱ መለኪያዎች ግን ለማንም ይሠራሉ።

በየወሩ መጨረሻ ሦስት ጥያቄ ከ10 ነጥብ ስጡ፦ በዚህ ወር አንድ ነገር በራሴ ወስኛለሁ? ባለፈው ወር የማልችለውን አንድ ነገር ዛሬ እችላለሁ? ቢሮ ውስጥ ስሕተቴን የምነግረው ሰው አለኝ? ነጥቡ ለሁለት ወር ዝቅ ቢል ምንም አይደለም፣ የሥራ ወቅት ነው። ለስድስት ወር አንዱ ከ4 በታች ከቆየ ድካም አይደለም፤ ቦታው ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ብቻውን ዝቅ ካለ ድርጅት ሳይሆን ቡድን መቀየር ሊበቃ ይችላል። ሁለተኛው ዝቅ ካለ ግን ሮጥ በሉ፤ አዲስ አበባ ያ ሁሉ ሌሊት የሚሸጠው ለመማር ነው፣ ከላይ 8 ብር ከ60ው ውስጥ ያልገባው ዋጋ እሱ ነበር። መማር ከቆመ የቀረው ብሩ ብቻ ነው።

ጎጃም ቢቀሩስ

ትንሹ ቢሮ ገነት አይደለም። ችሎት በመጀመሪያው ወር ትቆማላችሁ፣ ደንበኛው ፊታችሁ ያመሰግናል ወይም ይራገማል፣ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በራስ መወሰን ሞልቷል። የሚጎድለው ረቂቃችሁን የሚያርም ሰው ነው፤ አንድ ስሕተት አምስት ዓመት ሊደገም ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ካለ ሌላ ጠበቃ ጋር ተስማምቶ በሁለት ሳምንት አንድ አቤቱታ፣ ስም ተሰርዞ፣ መለዋወጥ።

ገንዘቡ ወቅት አለው። የገበሬ ደንበኛ የሚከፍለው ምርት ከገባ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ቢሮው ጭር ይላል። ስለዚህ በግል ለመጀመር ቢያንስ የስድስት ወር የቢሮ ኪራይና የቤት ወጪ ይኑራችሁ፣ በጥቅምት ጀምሩ። የክፍያውን ውል በጽሑፍ አድርጉትና በሦስት ክፈሉት፦ አቤቱታ ሲገባ፣ ማስረጃ ሲሰማ፣ ፍርድ ሲሰጥ። ሁሉን ለፍርድ ቀን ያስቀመጠ ጠበቃ የተረታ ዕለት ምንም አያገኝም፣ የረታ ዕለትም ደንበኛው ቸር አይሆንም። የፌዴራል ፈቃድ የሚያገለግለው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነው፤ በክልሉ ችሎት ለመቆም የሚያስፈልገውን ከክልሉ ፍትሕ ቢሮ አጣሩ። በ1992 የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ አገልግሎት መስጠትን ይጠይቃል፤ ጎጃም ውስጥ ያ ሰዓት እስከ ጥቅምት ያልቃል። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት መንገድና ኢንተርኔት መቋረጡም በስሌቱ ይግባ፤ ቀጠሮ ያለበት ከተማ አንድ ቀን ቀድሞ ማደር፣ ሰነድ በፍላሽም በወረቀትም መያዝ ልማድ ይሁን።

ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እኛ ከሁሉ የምንመርጠው እሱን ነው፦ ሦስት ዓመት አዲስ አበባ፣ ከዚያ መመለስ። የሚሠራው ግን ከመሄድ በፊት ከታሰበ ነው። ባሕር ዳርና ቡሬ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ባንኮች የመያዣ ጉዳይ አለባቸው፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ውል ይዋዋላሉ፤ የብድርና የአቅርቦት ውል አጣርቶ የሚያረቅ ጠበቃ ግን እንደ መሬት ጠበቃው አይበዛም። ስለዚህ ድርጅቱ ውስጥ ስትመደቡ የማዕድንና የአቪዬሽን ቡድን ከመጓጓት የባንክ ወይም የግብርና ንግድ ሥራ ፈልጉ። ስትወጡ ደግሞ በሰላም ውጡ። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ባሕር ዳር ላይ ፋይል የሚያይለት፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ጋ የሚሄድለት ሰው ሁልጊዜ ይፈልጋል፣ የመጀመሪያ ደንበኛችሁ የቀድሞ አለቃችሁ ሊሆን ይችላል።

የመውጫው ወረቀት

ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አድርጉ፣ ቅጂው ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን አስደርጉ። የደንበኛ ሰነድ፣ የድርጅቱን የውል ናሙና፣ የደንበኛ ስልክ ዝርዝር ይዛችሁ አትውጡ፤ ይዛችሁ የምትወጡት የተማራችሁትንና ስም ያልጠቀሰ የሥራ ዓይነት ዝርዝር ነው፣ እሱንም በየሩብ ዓመቱ ስትጽፉት ከቆያችሁ ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል፤ ደመወዝና ሌላ ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በመጨረሻው ቀን አትጠብቁ። አሠሪው በጠየቃችሁት ጊዜ፣ ያለ ክፍያ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ገልጾ መስጠት አለበት። ለጥብቅና ፈቃድ ልምድ ሲቆጠር የሚታየው ይህ ወረቀት ነው። ስማችሁ በዲግሪው ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ መሆኑን፣ የገባችሁበትና የወጣችሁበት ቀን ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. ተብሎ መጻፉን፣ «የሕግ ባለሙያ» የሚለው ቃል መኖሩን እዩ። «ረዳት» ተብሎ ከተጻፈ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሳላችሁ አስተካክሉት፤ አንዴ ባሕር ዳር ከገባችሁ ለአንድ ቃል ማሻሻያ 560 ኪሎ ሜትር ትመለሳላችሁ።